ሌባሻው ልጅና የግራዚያኒ ቴሌግራም

የውጭ የስለላ ልብወለድ ያነበበ ሁሉ ይህቺን ቀመር ያውቃታል። ጦርነት ሊነሳ ጫፍ ላይ ደርሷል። ሁለት መንግሥታት ተፋጠዋል። መሐል ላይ አንድ የተደበቀ ትምህርት ቤት አለ፤ ውስጡ አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ዓመት የሞላቸው ልጆች ይማራሉ። ልጆቹ ግን ተራ ልጆች አይደሉም። አንዷ የሰው ሐሳብ ታነባለች፣ አንዱ ነገ የሚሆነውን ዛሬ ያያል፣ ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ ከግድግዳ ጀርባ ያለውን ሰነድ ይዘረዝራል። መንግሥት ይመለምላቸዋል፣ ያሠለጥናቸዋል፣ ድንበር ያሻግራቸዋል። ከዚያ በኋላ ያለው መሯሯጥ ነው። «ስትሬንጀር ቲንግስ»ን የተከታተለማ ነገሩን በፊልም ጠግቦታል።

እኛም እዚህ ተሰባስበን የምንጽፈው ልጆች፣ ይህ ቀመር ኮልፌ ቀራንዮ ቢመጣስ ብለን ተከራከርን። አጣና ተራ ያደገች ሐሳብ አንባቢ፣ ቤተል የሚኖር ነገን የሚያይ ጎረምሳ፣ 18 ማዞሪያ ታክሲ ተራ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ የሚከታተላቸው ሰላይ… መጀመሪያ ሳቅን። የአማርኛ አንባቢ ለስለላ መጽሐፍ እንግዳ አይደለም፤ ማሞ ውድነህ በትርጉሞቻቸው አንድ ትውልድ አለማምደውታል፤ በዓሉ ግርማም በ«ኦሮማይ» የአስመራውን የስለላ ዓለም አሳይቶ በዚያው ጠፍቶ ቀርቷል። «የሚያዩ» ልጆች ሲጨመሩበት ግን ነገሩ ለኛ አገር የሚሆን አልመሰለንም።

ታሪኩን ስናገላብጥ ግን ሳቃችን ቀረ። እዚህ አገር ይህንን ልብወለድ ለመጻፍ ብዙ መፍጠር አያስፈልግም። አብዛኛው ተደርጓል። የተለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በልብወለዱ ኃይሉ ያለው ልጁ ዘንድ ነው፤ በኛ ታሪክ ኃይሉ ያለው በልጁ ላይ እምነት ያሳደሩት ወይም የፈሩት ሰዎች ዘንድ ነው። ዕዳውን የሚከፍለው ግን ሁሌም ልጁ ነው።

ከሌባሻ እንጀምር። አያቶቻችሁን ብትጠይቁ ቃሉን ያውቁታል፤ ሌባ ፈላጊ ማለት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነበር። አንድ ሰው ንብረቱ ይሰረቅበትና አቤት ይላል። የሌባሻው አለቃ (ዛሬ እንደምናስበው ጓሮ ውስጥ የተደበቀ ጠንቋይ ሳይሆን ሹሞች የሚያውቁት ባለሙያ ነው) አንድ ልጅ ይዞ ይመጣል። ልጁ ለአቅመ አዳም ያልደረሰ፣ ንጹሕ ነው የተባለ መሆን አለበት። ወተት ውስጥ የተበጠበጠ መድኃኒት ይጠጣል፣ ላዩ ላይ ጭስ ይስባል። ጥቂት ቆይቶ ይደነዝዝና ይወድቃል። ሲነሳ በራሱ አይደለም። ወገቡ ላይ ገመድ ታስሯል፤ የገመዱን ጫፍ አለቃው ጨብጧል። ልጁ እየተንገዳገደ፣ አንዳንዴም በእጁና በእግሩ እየዳኸ መንደሩን ያካልላል፤ ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ቆሞ ወደኔ ይመጣ ይሆን እያለ ይጨነቃል። በመጨረሻ ልጁ ገብቶ የተዘረረበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። ምስክር የለ፣ ክርክር የለ። የጠፋውን ይከፍላል።

ይህን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን የመጡ ተጓዦች እየተገረሙ ጽፈውታል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥም ይሠራበት ነበር። ያስቀሩት ተፈሪ መኮንን ናቸው፣ አልጋ ወራሽ ሳሉ። ማለትም ስልክና ባቡር ከገባ በኋላ እንኳ በዚህች ከተማ የወንጀል ምርመራ የሚካሄደው በከፊል በአንድ በደነዘዘ ሕፃን ነበር። ከዚህ በላይ ምን ልብወለድ አለ? በስውር ኃይሉ ለመንግሥት የሚያገለግል ልጅ አይደል የምንፈልገው?

ልጁ ግን ያያል ብለን አናምንም። እኛን የሳበን ገመዱ ነው። ገመድ ሁለት ጫፍ አለው። አለቃው መንደሩ ከመድረሱ በፊት ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን በድንገት ገንዘብ እንዳገኘ፣ ማን እንደሚጠረጠር ወሬው ሳይደርሰው አይቀርም። ልጁ ወደ ግራ ሲል ገመዱ ትንሽ ከተሳበ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ደግሞም «ነገ ሌባሻ ይመጣል» የሚለው ወሬ ብቻውን ሥራ ይሠራል፤ በሌሊት ንብረቱን አጥር ላይ ጥሎ የሚሮጥ ሌባ አይጠፋም። ከፍርሃትና ከመንደር ወሬ የተሠራ የምርመራ ቢሮ ነበር እንበለው። ልጁ መሣሪያው ነው። መሣሪያ ደግሞ አይጠየቅም።

ትንቢትም እንዲሁ የመንግሥት ሥራ ነበር። «ፍካሬ ኢየሱስ» የተባለው መጽሐፍ ከብዙ መከራ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነስቶ አገሩን በሰላም ይገዛል ይላል፤ ሕዝቡም ይጠብቀው ነበር። የቋራው ካሣ ኃይሉ በ1847 ዘውድ ሲጭኑ የመረጡት ስም ማንን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያን ጊዜ ከአንድ ክፍለ ጦር ይልቅ የሚጠቅም ስም ነበር። ትንቢት አልጋ ላይ ማውጣት ከቻለ ደግሞ ከአልጋ ላይ ማውረድም ይችላል። ይህንን በደንብ የተረዳው፣ ተረድቶም የደነገጠው፣ የጣሊያኑ ማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነው።

የካቲት 12 ቀን 1929። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ግቢ። ግራዚያኒ የጣሊያን ልዑል ተወለደ ብሎ ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ ሕዝብ ሰብስቧል። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ። (አብርሃ ለጣሊያኖች በፖለቲካ ቢሯቸው ይሠራ እንደነበር ልብ በሉ፤ ጠላት ቤት ተቀምጦ ጠላትን ማጥናት ማለት ይህ ነው። የታክሲ ባለቤቱ ስምዖን አደፍርስም ሊረሳ አይገባም፤ እነሱ ሲያመልጡ እሱ ተይዞ በስቃይ ሞቷል።) ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሦስት ቀን ሙሉ አዲስ አበባ ተቃጠለች፣ ሕዝቧ በጥይት፣ በአካፋና በእሳት አለቀ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሏል፤ የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 ያደርሰዋል።

ብዙ የማይወራው ከዚያ አንድ ወር ያህል ቆይቶ የሆነው ነው። መጋቢት 10 ቀን 1929 ግራዚያኒ ለቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ለሌሶና ወደ ሮም ቴሌግራም ላከ። ጉዳዩ ጠንቋዮች፣ ትንቢት ተናጋሪዎችና አዝማሪዎች ናቸው። ይዘቱ ባጭሩ ይህ ነው፤ እነዚህ ሰዎች የሕዝቡን ጸጥታ ከሚያውኩት ሁሉ አደገኞቹ ናቸው፤ ትልቅ ለውጥ ይመጣል እያሉ ያወራሉ፤ ስለዚህ በከተማውና በአካባቢው ያሉት ሁሉ ተይዘው እንዲረሸኑ አዝዣለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ 70 ሰዎች ተይዘው ተገድለዋል። ሙሶሊኒም የተደረገውን አጽድቆ መልስ ሰጠ።

እስቲ ቆም ብለን እናስበው። አውሮፕላን ያለው፣ የመርዝ ጋዝ የረጨ፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ወታደር ያሰለፈ መንግሥት ነው። የዚህ መንግሥት እንደራሴ ቁጭ ብሎ ለሮም የሚጽፈው ስለ መሲንቆ ተጫዋችና ስለ ኮከብ ቆጣሪ ነው። ማበዱ ነው? ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ከቦምቡ በኋላ ፍርሃት አእምሮውን እንደያዘው ይናገራሉ። እኛ ግን ግራዚያኒ በዚህ አንድ ነገር ያልተሳሳተ ይመስለናል። አደገኞች ነበሩ። አደገኛ ያደረጋቸው ግን ጂን አይደለም፣ ወሬ ነው።

በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰው እውነተኛ ዜና ከየት ያገኛል? የአማርኛው ጋዜጣ ስሙ ራሱ «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ» ነው፤ የማንን መልእክት እንደሚያደርስ ከስሙ ይታወቃል። ራዲዮው የእነሱ ነው፣ ማተሚያ ቤቱ የእነሱ ነው። የቀረው በእግሩ የሚሄድ ሰው ነው። አዝማሪው ከገበያ ገበያ ይዞራል፤ የሰላሌን ወሬ መርካቶ ያደርሳል፣ የመርካቶን ወደ ሆለታ ይወስዳል፣ በቅኔ ጠቅልሎ። ባህታዊው ከገዳም ገዳም ይሄዳል። ጠንቋዩ ደግሞ የትም አይሄድም፤ እሱ ዘንድ ነው የሚመጣው። የባንዳው ሚስት ትመጣለች፣ የጣሊያኑ መኮንን አሽከር ይመጣል፣ ልጇ ጫካ የገባባት እናት ትመጣለች። ሁሉም ምሥጢሩን ይነግረዋል፣ ከፍሎም ይነግረዋል! ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት የሰማ ሰው «በቅርቡ ሽፍቶች በዚህ በኩል ይመጣሉ፣ የነጩ ዘመን አጭር ነው» ቢል ትንቢት ነው ወይስ ዘገባ? ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣን እዚህ መሐል አለንና ይህ ጥያቄ ትንሽ ይቆጠቁጠናል።

አናሞግሳቸውም። ከመካከላቸው የድሃ እንቁላልና ቡና ሲሰበስብ የኖረ ብዙ ነው፤ ለጣሊያን ጆሮ የሆነም አይጠፋም። የተረሸኑት ግን ስላታለሉ አልነበረም። ጣሊያን የማያዝዘው ወሬ ስለሚያዞሩ ነበር።

ቅጣቱ ወደ ልጆችም ደረሰ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ጄኔራል ማሌቲ በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ፈጀ። ቀጥሎ ዲያቆናቱ ተረሸኑ፤ የግራዚያኒ ቴሌግራም ቁጥራቸውን 129 ያደርገዋል፤ ካምቤል የጠቅላላው እልቂት ቁጥር ጣሊያኖች ካመኑት በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ዲያቆን ሲባል እዚህ አገር ማን እንደሆነ ለናንተ መንገር አያስፈልግም። ቆሎ ተማሪ ነው፣ ገና ጢም ያላበቀለ። ምን አይተው፣ ምን ሰምተው ይሆን ተብሎ ነው የሞቱት።

ይህ የፋሺስቶች እብደት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰኔ 1941 እ.ኤ.አ ሩዶልፍ ሄስ ወደ ብሪታንያ በበረረ ማግስት ናዚዎች በጀርመን ኮከብ ቆጣሪዎችን በጅምላ አሰሩ። ብሪታንያም ብትሆን ከነገሩ ንጹሕ አይደለችም። ሄለን ደንካን የምትባል ስኮትላንዳዊት መናፍስት ጠሪ ነበረች። በኅዳር 1941 እ.ኤ.አ «ባርሃም» የተባለው የጦር መርከብ ሰጠመ፤ ከ800 በላይ ሰው ሞተ፤ መንግሥት ግን ዜናውን ደበቀ። ሴትዮዋ በስብሰባዋ ላይ የዚያ መርከብ መርከበኛ ነፍስ መጣ አለች። ባሕር ኃይሉ ተደናገጠ። በ1944 እ.ኤ.አ በ1735 በወጣ የጥንቆላ ሕግ ተከሳ ዘጠኝ ወር ተፈረደባት። መንፈሱ ነገራት? ለሟቾቹ ቤተሰቦች ምሥጢሩን ያዙ የሚል ደብዳቤ አስቀድሞ ደርሷቸው ነበር። ከ800 በላይ ሐዘንተኛ ቤት የሚያውቀው ነገር ምሥጢር ሆኖ አይቀርም። የአዲስ አበባው ጠንቋይና የስኮትላንዷ ሴትዮ አንድ ዓይነት ሥራ ነበር የሚሠሩት።

አሜሪካኖች በኋላ ነገሩን ከምር ወስደው በሩቅ ሆነው «የሚያዩ» ሰላዮች ለማፍራት ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1995 እ.ኤ.አ ሃያ ሚሊዮን ዶላር ገደማ አፍስሰዋል። ሲዘጋ የተጻፈው ግምገማ ለአንድም የስለላ ሥራ የሚጠቅም መረጃ አልተገኘበትም ይላል። ሌባሻ በርካሽ ይሠራ ነበር።

ታዲያ እውነተኞቹ አፍላ ሰላዮችና ተዋጊዎች የታሉ? ለኮልፌ ልጅ መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ወደ ምዕራብ መመልከት ነው። ከ18 ማዞሪያ በአስኮ፣ በቡራዩ አድርጋችሁ ስትወጡ ሆለታ ትደርሳላችሁ። የገነት ጦር ትምህርት ቤት በ1927 በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የተከፈተው እዚያ ነው። ዕጩ መኮንኖቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ አገር ተያዘ። ወደ ነቀምቴ ሄደው ጥቁር አንበሳ ውስጥ ገቡ፤ ሰኔ 1928 ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች አቃጥለው የአየር ኃይል ጄኔራሉን ማልዮኮን ከነባልደረቦቹ ገደሉ። ትንሽ ራቅ ብሎ ጊንጪ አካባቢ ደግሞ በ1913 የተወለደ አንድ ጎረምሳ በ15 ዓመቱ ጫካ ገብቷል። ጃጋማ ኬሎ ይባላል። «የበጋው መብረቅ» የተባለው፣ በኋላ ሌተና ጄኔራል ሆኖ በ2009 ያረፈው እሱ ነው። በ15 ዓመቱ ማንም ስውር ኃይል አለው አላለውም። መንገዱን ያውቃል፣ ሰውን ያውቃል፣ ቋንቋውን ያውቃል። ለጣሊያን ዓይን ግን ይህ ጥንቆላ ሳይመስል አልቀረም፤ የማታውቀው አገር ውስጥ ሁሉን የሚያውቅ ልጅ ያስፈራል።

ከተማ ውስጥ ደግሞ የውስጥ አርበኞች ነበሩ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ አዚናራ ደሴት ድረስ ተግዘው ታስረው፣ ሲመለሱ እንደገና ለአርበኞች ጥይትና ስንቅ ማቀበላቸውን ቀጠሉ። እንዲህ ያለ ሥራ በትልቅ ሰው ብቻ አይሠራም። ደብዳቤ በእንጀራ መሶብ፣ በእንጨት ሸክም፣ በልጅ ኪስ ነው የሚያልፈው። ልጅ አይፈተሽም።

ኮልፌ ራሷ ከስለላ ታሪክ ጎድላ አታውቅም እንበል፣ ከመንገዳችን ትንሽ ወጣ ብለን። በ1954 ክረምት መግቢያ ላይ ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም የሚንቀሳቀስ አንድ ረጅም ሰው ኮልፌ ፖሊስ ካምፕ ውስጥ ተኩስና ፈንጂ ይማር ነበር። አሠልጣኞቹን የሚመሩት ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ሲሸኙት ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጡት። ሰውየው ኔልሰን ማንዴላ ነው። አገሩ ገብቶ ሽጉጡን መሬት ውስጥ ቀበረው፤ ብዙ ተፈልጎ እስካሁን አልተገኘም። ይህ ለብቻው አንድ ልብወለድ ይወጣዋል።

ከሁሉም የሚከብደን ግን ከዚያ 15 ዓመት በኋላ የመጣው ነው። በ1969 አገሪቱ ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ጫፍ ላይ ነበረች፤ ኤርትራ ውስጥ ጦርነቱ ከጀመረ ቆይቷል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ኢሕአፓና ደርግ ይገዳደላሉ። «ዴሞክራሲያ» የተባለችውን የኢሕአፓ ልሳን በሌሊት የሚበትኑት ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሱ ናቸው። አንዱ የሌላውን እውነተኛ ስም አያውቅም። ሁሉም የምሥጢር ስም አለው። በልብወለዱ ቀመር ብንለካው ምንም አልጎደለም፤ ጦርነት፣ ስውር ድርጅት፣ ጎረምሶች። ሐሳብ አንባቢው ግን በዚህ ጊዜ ቀበሌው ሆነ። ልጁ ምን እንዳሰበ አውቃለሁ ይላል፤ ያላደረገውን ሊያደርግ ነበር ይላል። ሚያዝያ 21 ቀን 1969 በሜይ ዴይ ዋዜማ በአንድ ሌሊት በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ተገደሉ። አስከሬን መንገድ ላይ ያደረበት ሰፈር ያደጉ ወላጆች አሉን፤ ዛሬም ስለዚያ ሲጠየቁ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ስለዚህ ልብወለዱን የሚጽፍ ካለ፣ እባካችሁ ልጆቹ እንዲበሩ አታድርጉ። ግራዚያኒ ለሮም የቆጠራቸው 70 ሰዎች በቴሌግራሙ ውስጥ ስም የላቸውም፤ ቁጥር ናቸው። ከነሱ አንዱን ውሰዱና ስም ስጡት፤ መሲንቆ ስጡት፤ ተከትሎት የሚዞር፣ ግጥም የሚቀበለው የ14 ዓመት ልጅ ስጡት። ወይም ሌባሻውን ልጅ ውሰዱ። የተጓዦቹ ትረካ ልጁ አልጋው ላይ ሲወድቅ ፊቱን ወደ ባለቤቱና ወደ ካሣው ያዞራል፤ ስንት ተከፈለ፣ ማን ከፈለ። እናንተ እዚያው አልጋው አጠገብ ቆዩ። መድኃኒቱ ሲለቀው ምን ይላል? ውኃ ማን ይሰጠዋል? ገመዱንስ ማን ይፈታለታል፣ ወይስ ማግሰኞ ሌላ መንደር ስለሚፈለግ እንደታሰረ ያድራል?